የበረሃውን ሆቴል የነደፈው ራይት አይደለም፤ ብሎኬቱም ጥለቱን በመቅዳት ብቻ አይሠራም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ከኮምቦልቻ

ጤና ይስጥልን።

በቅርቡ ስለ አሪዞና ቢልትሞር ሆቴል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወደነዋል። ስለ ሕንፃ አሠራር በአማርኛ የሚጽፍ ጋዜጣ ጥቂት ነውና ቀጥሉበት። ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ መታረም ያለበት አለ። አንዱ የታሪክ ስህተት ነው። ሁለተኛው ገንዘብ የሚያስከስር ነው፤ ከባቲ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ሎጅና ሆቴል ለመሥራት ያሰቡ ባለሀብቶች የዚያን ሆቴል ብሎኬት እንዳለ ቢቀዱት ይበጃቸዋል የሚለው የመጨረሻው አንቀጽ። ሐሳቡን አንጠላውም፤ እንዲያውም ፀሐይ በሚያነደው ቆላ ላይ ፊቱ ሁሉ መስታወትና አሉሚኒየም የሆነ ሕንፃ ከማቆም በብዙ ይሻላል። ግን ብሎኬቱ የት የት ላይ እንዳስቸገረ ሳይነገር "ቅዱት" ማለት ትክክል አይደለም።

በመጀመሪያ ታሪኩን እናስተካክል። ሆቴሉ አሜሪካ ውስጥ በአሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስ ከተማ አጠገብ በረሃ ላይ ተሠርቶ የካቲት 16 ቀን 1921 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1929) ተከፈተ። ጽሑፋችሁ አርክቴክቱ ዝነኛው አሜሪካዊ ፍራንክ ሎይድ ራይት ነው ይላል። አይደለም። አርክቴክቱ አልበርት ቼዝ ማክአርተር ነው። ማክአርተር በወጣትነቱ በራይት ቢሮ ተቀጥሮ ሠርቷል፤ አባቱም ቺካጎ ውስጥ ራይትን ቤት ያሠሩ ሰው ናቸው። ሁለቱ ወንድሞቹ ዋረንና ቻርልስ ፊኒክስ ውስጥ መኪና ሻጮች ነበሩ፤ የሆቴሉ ሐሳብም ከእነሱ የመጣ ነው። ራይት የተጠራው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ ቀደም ሲል ሎስ አንጀለስ አካባቢ የሞከረውን የብሎኬት አሠራር እንዲያማክር ነበር። የቆየውም ጥቂት ወራት ነው። የሕንፃው አርክቴክት ማክአርተር መሆኑንም ራሱ ራይት እ.ኤ.አ. በ1930 በደብዳቤ አረጋግጧል።

ታዲያ ስህተቱ ለምን አልጠፋም? ምክንያቱ በእንግዳ መቀበያው ይታያል። እዚያ የቆመው ባለ ቀለም የመስታወት ሥራ፣ የበረሃ ቁልቋል የሚታይበት፣ ራይት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለመጽሔት ሽፋን የነደፈው ነው። መስታወት ሆኖ የተሠራው ግን ሆቴሉ ከተቃጠለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ራይት ከሞተ 14 ዓመት አልፎት፣ በተማሪዎቹ እጅ ነው። ግቢው ውስጥ ያሉት ሐውልቶችም ቅርጻቸው ራይት ቺካጎ ውስጥ ከሠራውና ከፈረሰው ሚድዌይ ጋርደንስ ከሚባል መዝናኛ ስፍራ የመጣ ነው። ጎብኚው በየዞረበት የራይትን እጅ እያየ፣ ሕንፃውን የነደፈው ሌላ ሰው ነው ቢባል አያምንም። ብሎኬቶቹ ላይ ያለው ጥለት እንኳ የራይት አይደለም፤ ኤምሪ ኮፕታ የሚባል ቀራፂ የሠራው ነው።

የገንዘቡን ጉዳይ በአጭሩ እንለፈው። ወጪው ከታሰበው በላይ አሻቀበ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ሆቴሉም በማስቲካ የበለጸገው ዊልያም ሪግሊ ጁኒየር እጅ ገባ። ቤተሰቡ እስከ እ.ኤ.አ. 1973 ይዞታል። ሆቴሉ በተሠራበት ሰሞን ራይት ራሱ እዚያው አሪዞና ውስጥ፣ ቻንድለር አካባቢ፣ በዚሁ ብሎኬት ሊሠራው የነደፈው ሌላ የበረሃ ሆቴል ነበር፤ እሱ በገንዘብ እጦት ወረቀት ላይ ቀርቷል። ባለሀብቶቻችን ከዚህ የሚወስዱት ካለ፣ ሁለቱም ፕሮጀክቶች በአንድ ብሎኬት ተነድፈው አንዱ የቆመው ጥልቅ ኪስ ያለው ሰው ስለተገኘለት መሆኑን ነው።

አንድ የቃላት ነገርም አለ። ጽሑፋችሁ ሆቴሉ "ለክረምት መዝናኛ" የተሠራ ነው ይላል። ቃል በቃል ትክክል ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ ግን ያሳስታል። እነሱ ክረምት የሚሉት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ብርዳማ ወቅት ነው፤ ለእኛ በጋ ነው። ሆቴሉ ለብዙ ዓመታት እንግዳ የሚቀበለው በዚያ ወቅት ሲሆን ሙቀቱ ሲበረታ ይዘጋ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያ ግድግዳ መጀመሪያ የታሰበው ለአሪዞና የሐምሌ እኩለ ቀን ሐሩር አይደለም ማለት ነውና። ሚሌ ላይ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ አስተናግዳለሁ የሚል ሰው በብሎኬቱ ብቻ ተማምኖ መነሣት የለበትም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፤ ሚሌ 500 ሜትር ገደማ። ባቲ ላይ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ወፍራም ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። ሚሌ ላይ ግን ሌሊቱም ስለሚሞቅ ግድግዳው የሚተፋበት ጊዜ አያገኝም። እዚያ ከግድግዳው ይልቅ ጥላው ይበልጣል፤ ረጅም የጣሪያ ክፈፍ፣ በረንዳ፣ ከምዕራብ ፀሐይ የተሰወረ መስኮት።

አሁን ወደ ብሎኬቱ። አሠራሩ በእንግሊዝኛ የተሰየመው በጨርቅ ነው፤ በእኛ ቋንቋ "ድርና ማግ" ቢባል ይገልጸዋል። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ላለባት ኮምቦልቻ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ቁም ፌሮው ድር፣ አግድም ፌሮው ማግ ነው፤ ብሎኬቶቹ በመካከላቸው ይሞላሉ። ራይት ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተጠቀመበት መጠን አንዱ ብሎኬት 40 በ40 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን ውፍረቱ 9 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በአራቱም ጠርዝ ላይ ግማሽ ክብ ቦይ አለው። ሁለት ብሎኬት ጎን ለጎን ሲገጥም ሁለቱ ግማሾች ሙሉ ክብ ቱቦ ይሆናሉ፤ በዚያ ውስጥ 6 ሚሊሜትር ያህል ፌሮ ይገባና ቀጭን የሲሚንቶና የአሸዋ ልውስ ይፈስበታል። በብሎኬቶቹ መካከል እንደ እኛ ግንብ የሚታይ የልውስ መስመር የለም። ማክአርተር ቢልትሞር ላይ ካሬውን ትቶ አራት ማዕዘን ብሎኬት ተጠቅሟል፤ 250,000 ያህል ብሎኬት እዚያው ግቢው ውስጥ በበረሃው አሸዋ ተመረተ።

የሎስ አንጀለሱ ልውስ አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ ነበር። በእኛ የመለኪያ ሳጥን ስናሰላው (50 በ40 በ18 ሴንቲሜትር፣ 36 ሊትር) ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ አራት ሳጥን አሸዋ መሆኑ ነው። ውሃው ጥቂት ነው፤ ልውሱ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይይዛል እንጂ በጣቶች መካከል አይወጣም። በብረት ሻጋታ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ወዲያው ይፈታል፣ ከዚያ አሥር ቀን ያህል እርጥበት እንዳይለየው ይደረጋል።

ደረቅ ልውስ የተመረጠው ሻጋታው ወዲያው እንዲፈታና ለቀጣዩ እንዲደርስ ነው። ጉዳቱም የመጣው ከዚያው ነው። ውሃው ያነሰ ልውስ በእጅ ሲጠቀጠቅ ውስጡ ቀዳዳ ይበዛዋል፤ ደርቆ ሲታይ ጠንካራ የሚመስለው ብሎኬት ዝናብ ሲመጣ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። ፌሮውን ከዝገት የሚጠብቀው በዙሪያው ያለው የሲሚንቶ ልውስ ነው። ቱቦው ጠባብ፣ ልውሱ ቀጭን፣ አፍሳሹም ቸኳይ ከሆነ የፌሮው አንድ ጎን ባዶ ይቀራል፤ ከውጭ ደግሞ ማንም አያየውም። በተሰነጠቀው ወይም ባዶ በቀረው በኩል ውሃና አየር ገብተው ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚይዝ የብሎኬቱን ጠርዝ ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ራይት እ.ኤ.አ. በ1924 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በዚሁ አሠራር የሠራው የኢኒስ ቤት ለዚህ ምስክር ነው። ብሎኬቱ የተሠራው ከግቢው በተቆፈረ የበሰበሰ ግራናይት ሲሆን አፈርና ቆሻሻ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1994 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ2005 ደግሞ ከባድ ዝናብ ክፉኛ ጎዱት።

ሌላው ችግር ልኬት ነው። በተለመደው ግንብ ግንበኛው ትንሽ ስህተት ቢያገኝ ልውሱን በማወፈርና በማቅጠን ያስተካክላል። እዚህ ግን የሚያስተካክልበት ልውስ የለም። አንዱ ብሎኬት በ2 ሚሊሜትር ቢበልጥ በ10 ሜትር ግድግዳ ላይ 25 ብሎኬት ስላለ ስህተቱ 5 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ማዕዘኑ ላይ ሲደረስ አይገጥምም። ሻጋታ በጥቅም ብዛት ይሰፋል፤ ስለዚህ በየ500 ብሎኬቱ በካሊፐር (ሚሊሜትርን በትክክል በሚለካ መሣሪያ) መለካት ግድ ነው። ይህ አሠራር ልምድ የሌለው ሠራተኛም ይሠራዋል ተብሎ ሲወራለት የነበረ ነው። ማምረቱን ይሠራዋል፤ መግጠሙን ግን አይሠራውም።

ይህ ሁሉ ለእኛ አካባቢ ምን ማለት ነው? ከአሸዋው እንጀምር፤ ችግሩ ሁሉ ከእሱ ይነሣልና። ከክረምት በኋላ በገልባጭ የሚመጣ የወንዝ አሸዋ ደለሉ ብዙ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ጎኑ ያልተሸነሸነ ባዶ ሃይላንድ እስከ ግማሹ አሸዋ ይሞላል። ከዚያ እስከ ሦስት አራተኛው ውሃ ይጨመርበትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ተጨምሮ ክዳኑ ይዘጋል፤ አጥብቆ ተወዝውዞ ሦስት ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል። አሸዋው ከታች ይረጋል፣ ደለሉ እንደ ቡና አተላ ከላዩ ይተኛል። በማስመሪያ ይለካ፤ አሸዋው 10 ሴንቲሜትር ከሆነ ደለሉ ከ6 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ይታጠባል ወይም ይመለሳል። ሻጩ "ትንሽ አፈር ያያይዘዋል" ካለ አትስሙት። ደለል የአሸዋውን ቅንጣት ሸፍኖ ሲሚንቶው እንዳይይዘው ያደርጋል፤ ውሃም ያስጨምራል።

ከባቲ በታች ያለው ቆላ ሌላ ጣጣ አለው፤ ጨው። አንድ ኪሎ አሸዋ በሁለት ሊትር ንጹሕ ውሃ ታጥቦ ውሃው ሲጠል በጥቁር መጥበሻ ላይ ቢፈላና ቢተን፣ ነጭ ልጣጭ ከቀረ አሸዋው ለፌሮ ሥራ ከመዋሉ በፊት ላቦራቶሪ መግባት አለበት። ለማቡኪያ የሚቀዳ የጉድጓድ ውሃም እንዲሁ ይፈተሽ። ጨው ሲሚንቶው ደኅና ቢሆን እንኳ ብረቱን ያዝጋል፤ ለዚህ ደግሞ ልስንም ቀለምም መድኃኒት አይሆኑም። እንዲያውም እርጥቡን ግድግዳ አየር በማያሳልፍ ቀለም መድፈን ውሃውን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል።

ቀጥሎ ውሃ ማጠጣት። ብዙ የብሎኬት ማምረቻ ጠዋትና ማታ በባልዲ ይረጫል፤ ቆላ ላይ ይህ አይበቃም። በሁለቱ መካከል ፀሐይና ነፋስ ብሎኬቱን ያደርቁታል፤ ውስጡ ከደረቀ ሲሚንቶው ሥራውን ያቆማል፣ በኋላ ቢረጭም ሙሉ በሙሉ አያገግምም። መፍትሔው ጥላ፣ እርጥብ ጆንያ፣ ከላይ ፕላስቲክ ነው፤ ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ቢቻል አሥር። ማቡካቱም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። ከሙቀቱ የተነሣ ልውሱ ሲጠነክር ውሃ ጨምሮ እንደገና ማላላት በየቦታው ይታያል፤ ያ ልውስ ለሙሊት እንጂ ለብሎኬት አይሆንም።

ከሁሉ በላይ የምንከራከርበት የፌሮው ቦታ ነው። ከቦዩ ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ፌሮ አንመክርም። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰውና ካራቆሬን ክፉኛ የጎዳው የመሬት መንቀጥቀጥ የተከሰተው እዚሁ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ ፌሮው ለስሙ የሚገባበት ግድግዳ እዚህ መቆም የለበትም። የተሻለው መንገድ የታወቀውን 40 በ20 በ20 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ብሎኬት ይዞ፣ በማዕዘኖች፣ በበርና በመስኮት ግራና ቀኝ፣ ከዚያም በየ80 ሴንቲሜትሩ ቀዳዳው ውስጥ ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ከመሠረቱ ጀምሮ ማቆም ነው። ቀዳዳው ጠጠሩ ከ10 ሚሊሜትር ባልበለጠ ኮንክሪት ይሞላል። አግድሙን በወለል ማሰሪያ፣ በመስኮት ግርጌና በመስኮት አናት በሚያልፍ ኮንክሪት ማያያዝ ይቻላል። ትክክለኛውን የፌሮ ብዛት የሚወስነው ስትራክቸራል መሐንዲሱ ነው፤ ቁጥሩን የምንጠቅሰው ሥራው ምን እንደሚመስል ለማሳየት ነው።

እዚህ ላይ በብዛት የሚበላሸው አንድ ነገር አለ። ግንበኛው ብሎኬቱን ሲደረድር ከላይ የሚወድቀው ልውስ በቀዳዳው ውስጥ ተጠራቅሞ ከታች ይጠነክራል። ኮንክሪቱ ሲፈስ እዚያ ላይ ይቆማል፤ የፌሮው እግር ባዶ ይቀራል፤ ግድግዳው ሙሉ ይመስላል። ስለዚህ ፌሮ በሚገባበት ቀዳዳ ሥር ካለው ከመጀመሪያው ብሎኬት ላይ መስኮት ይከፈት፣ በየምሽቱ በሽቦ ተጭሮ ይጽዳ፤ ከመሞላቱ በፊት የእጅ ባትሪ ከላይ ሲበራ ብርሃኑ ከታች መታየት አለበት። ሲሞላም በአንድ ጊዜ ከ1.2 ሜትር አይበልጥ፤ በዘንግ ይወጋ።

ጥለቱስ? ጥለቱን እንወደዋለን፤ ፀሐይ ሲዞር ጥላው ይለዋወጣል፣ ግድግዳው ራሱን በራሱ በከፊል ያጠላል። ከመዋቅሩ ግን ይለይ። ፊቱ ላይ ብቻ ጥለት ያለው ብሎኬት በውጭ በኩል ይቁም። ጥለቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ይጥለቅ፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ውጭ ዘመም ብሎ ይቀረጽ፤ አለዚያ ሻጋታው ሲነሣ የጥለቱን ጫፍ ይዞት ይወጣል። ሻጋታውን በተቃጠለ ዘይት መቀባት ይቅር፤ ጥለቱን ያጠቁረዋል፣ ከዚያ በኋላ ቀለም አይይዘውም። ለጥለቱም የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን የናቫሆ ወይም የአዝቴክ ጥለት መፈለግ አያሻም፤ የወሎ ነጠላ ጥለት በማስመሪያ ወረቀት ላይ ቢነሣ ሻጋታ ለመሆን የሚተርፍ ነው።

በመጨረሻ ስለ ቃጠሎው። ሆቴሉ እ.ኤ.አ. በ1973 ሰኔ ላይ ተቃጠለ። እሳት ማጥፊያ የውሃ ቧንቧ እየተገጠመ ሳለ የብየዳ እሳት ነው ያስነሣው። አራተኛው ፎቅና የመዳብ ጣሪያው ወደሙ፤ ብሎኬቱ ግድግዳ ግን ቆመ፤ በ82 ቀን ታድሶ ተከፈተ። ፍጥነቱን ጽሑፋችሁ አድንቋል፤ እኛም እናደንቃለን፤ ምክንያቱን ግን ልብ በሉት። ግድግዳው ባይቆም 82 ቀን ፍርስራሽ ለማውጣትም አይበቃም ነበር። በእኛም ከተሞች ብየዳ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ጣሪያው ከገባ፣ ኮርኒሱ ከተሰቀለ በኋላ ነው። የጣሪያና የቧንቧ ብየዳ ከኮርኒስ በፊት ይጠናቀቅ። ካልተቻለ ደግሞ ከብየዳው በኋላ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያና ባልዲ ውሃ ይዞ ለአንድ ሰዓት ይጠብቅ፤ ፍም ሳይታይ በእንጨትና በፎም መካከል ረጅም ጊዜ ይጤሳልና።

የሆቴሉን ፎቶግራፍ ወደፊት ዳግም የምታወጡት ከሆነ፣ ከግርጌው "አርክቴክት፦ አልበርት ቼዝ ማክአርተር" ብላችሁ ጻፉበት።

በኮምቦልቻ በብሎኬት ምርትና በግንባታ ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች